በራችን ላይ የ14 ቀን ወረቀት ተለጠፈ፤ ሲያትል ያላችሁ ምን ላድርግ?

የሁለት_ልጆች_እናት (ማክሰኞ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሁልጊዜ አንብቤ እወጣለሁ እንጂ እዚህ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ጨነቀኝ።

ከሥራ ስገባ በራችን ላይ በሰማያዊ ፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ልጄ ከትምህርት ቤት ቀድማኝ ገብታ ኖሮ ቆማ ታነበዋለች። 11 ዓመቷ ነው። «እማ፣ 14 ቀን ይላል። ከዚያ የት ነው የምንሄደው?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ኡበር ነው የሚሠራው። ሴፕቴምበር ላይ ሰው ገጭቶት መኪናው ለ6 ሳምንት ጋራዥ ቆመ። እኔ አዛውንት በመንከባከብ ነው የምሠራው፤ የእኔ ቼክ ብቻውን ኪራይ አይከፍልም። የሁለት ወር ውዝፍ ተጠራቀመብን። ወረቀቱ ላይ ኪራይ 3,900 ዶላር፣ የመዘግየት ቅጣት 150 ዶላር፣ ደግሞ የኖቲስ (የማስጠንቀቂያው ወረቀት) ክፍያ 35 ዶላር ይላል። አሁን ባለቤቴ ሥራ ጀምሯል። እጃችን ላይ 1,400 ዶላር አለ። እሱን በአከራዩ የኢንተርኔት መክፈያ ፖርታል ልከፍል ብሞክር ሙሉውን ካልሆነ አይቀበልም። ኦፊሳቸው ድረስ ሄድኩ። እዚያ የምትሠራው ልጅ ቀና ብላ ሳታየኝ «ወይ ሙሉውን ወይ ቁልፉን» አለችኝ።

የምንኖረው ሬይነር ቫሊ ነው፤ 4 ዓመት ሆነን። ልጆቼ ትምህርት ቤታቸው እዚሁ ነው። ይህን ነገር ለማንም አልተናገርኩም። ቤተ ክርስቲያንም እቁባችን ውስጥም የሚያውቅ የለም። ዕቃ ማሸግ ልጀምር? ወይስ የሚረዳ ቦታ አለ? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።


ጋሽ_ሾፌር (ማክሰኞ ማታ)

አይዞሽ እህቴ። ዕቃ እንዳትነኪ። እኔ የሠራሁትን ስህተት አንቺ እንዳትደግሚው ብዬ ነው ቶሎ የምጽፍልሽ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም ላይ እንዲሁ ወረቀት ተለጠፈ። አንድ ወር ከምናምን ነበር ያለብኝ። አፈርኩ። ለባለቤቴ እንኳ ሳልነግር ወረቀቱን ሹካና ማንኪያ የምናስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ዘጋሁት። ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ሰው በር አንኳኩቶ ሌላ ወረቀት ሰጠኝ። ፍርድ ቤት የሚል ቃል አለበት። የመዝገብ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ግን ባዶ ነው። «ማስፈራሪያ ነው፤ ክስ ቢሆን ቁጥር ይኖረው ነበር» ብዬ እሱንም መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ለካ በዚህ ስቴት መጥሪያ ያለ መዝገብ ቁጥርም ሊሰጥ ይችላል! መጀመሪያ ለተከራዩ ይሰጡታል፣ ፍርድ ቤት የሚያስገቡት ኋላ ነው። ወረቀቱ ላይ የመልስ ቀን ተጽፏል። በዚያ ቀን መልስ ካልሰጠህ በሌለህበት ይፈረድብሃል። እኔ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ዳኛ ፊት ቆሜ መኪናዬ ተበላሽቶ ነበር ለማለት እንኳ ዕድል አላገኘሁም። ቀጥሎ የመጣው ሸሪፍ ነው።

ዕዳው ተከፍሎ አልቋል። መዝገቡ ግን ተከተለኝ። ቤት ባመለከትኩ ቁጥር የማመልከቻ እየከፈልኩ፣ ስሜን ሲያዩ «አልተሳካም» ይሉኛል። ከሚስቴና ከልጄ ጋር ወንድሜ ሳሎን ውስጥ 8 ወር ተኛን።

ስለዚህ የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ ክፈቺ። ቀኑን ጻፊ። ነገ ጠዋት ደውዪ።


አስተርጓሚው (ማክሰኞ፣ እኩለ ሌሊት ገደማ)

እህቴ፣ ጠበቃ አይደለሁም። ፍርድ ቤት በአማርኛ አስተረጉማለሁ፤ የኪራይ ጉዳይ ችሎት ውስጥ ብዙ ዓመት ቆሜያለሁ። የምነግርሽ ጠበቃ እስክታገኚ ድረስ መንገዱን እንድታውቂው ነው።

በርሽ ላይ ያለው ወረቀት ክስ አይደለም። ማስጠንቀቂያ ነው። በዋሽንግተን ስቴት አከራይ ኪራይ ሲቀርበት ከመክሰሱ በፊት 14 ቀን መስጠት አለበት። እስከ 2019 ድረስ 3 ቀን ብቻ ነበር። በ14ቱ ቀን ውስጥ ውዝፉን ከከፈልሽ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ባትከፍዪም በ15ኛው ቀን ማንም መጥቶ አያስወጣሽም። መጥሪያ ይመጣል፣ መልስ ትሰጫለሽ፣ ዳኛ ፊት ትቀርቢያለሽ። ተፈርዶ እንኳ ሊያስወጣ የሚችለው ሸሪፍ ብቻ ነው። አከራዩ ራሱ ቁልፍ ቢቀይር፣ ውሃና መብራት ቢያቋርጥ ሕግ ጥሷል።

አሁን ወደ ጠበቃው ልምጣ። ብዙ ወገኖቻችን የማያውቁት ይህን ነው። ሲያትል በ2021 ማርች ላይ፣ ስቴቱ ደግሞ በቀጣዩ ወር፣ ከቤት የማስወጣት ክስ የቀረበበት ዝቅተኛ ገቢ ያለው ተከራይ ነፃ ጠበቃ እንዲቆምለት ሕግ አወጡ። ዋሽንግተን ይህን በማድረግ ከአሜሪካ ስቴቶች የመጀመሪያዋ ናት። በስቴቱ ሕግ መለኪያው ከታክስ በኋላ ያለው ገቢ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 2 እጥፍ አለመብለጡ ነው። በ2025 ለ4 ሰው ቤተሰብ ይህ 64,300 ዶላር ነው። እንደነገርሽን ከሆነ እናንተ የምትገቡ ይመስለኛል። በኪንግ ካውንቲ ይህን የሚሠራው የጠበቆች ማኅበሩ «ሀውዚንግ ጀስቲስ ፕሮጀክት» ነው። ክሱ እስኪመጣ አትጠብቂ። ወረቀቱን ፎቶ አንሺና ነገ ጠዋት አግኚያቸው።

ጠበቃው ስለ ልጆችሽ ይጠይቅሻል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ሲያትል ውስጥ ተማሪ ልጅ ያለው ቤተሰብ በትምህርት ዓመቱ እንዳይወጣ የሚከላከል የከተማ ሕግ አለ። ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 1 ደግሞ የክረምት መከላከያ አለ፤ እሱ ከ4 ቤት በላይ የሚያከራዩትን ነው የሚመለከተው። አንድ ነገር ግን በደንብ ይግባሽ። ሁለቱም ዕዳውን አይሰርዙም። ራሳቸው መጥተውም አያድኑሽም። ዳኛው ፊት ቀርበሽ ወይም በጠበቃሽ በኩል «ይህ መብት አለኝ» ማለት አለብሽ። ችሎት ውስጥ ሰው ይህን ሳይል ሲያልፍበት አይቼ አንጀቴ ያረረበት ቀን ብዙ ነው። አስተርጓሚ ነኝና የተባለውን ከመተርጎም በቀር መናገር አልችልም።

ሌላም አለ። ተፈርዶ እንኳ፣ በ5 የፍርድ ቤት ቀናት ውስጥ ዕዳውንና ወጪውን የከፈለ ሰው ቤቱ ይመለስለታል። መክፈል ካልቻለ ዳኛው ሁኔታውን አይቶ እስከ 90 ቀን የሚደርስ የክፍያ ጊዜ ሊሰጠው ይችላል። በ12 ወር ውስጥ 3 ጊዜ እንዲህ ያለ ኖቲስ የደረሰው ሰው ግን ይህን ለማግኘት ይቸገራል። ስለዚህ የመጀመሪያውን በቀላሉ አትዪው።

የመጨረሻው ልመናዬ ነው። ልጅሽን አታስተርጉሚያት። ፍርድ ቤቱም የከተማው ቢሮም አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባሉ። ስትደውዪ «አማርኛ» በይና ጠብቂ። ልጆች ሲያስተረጉሙ አይቻለሁ። «ትወጣላችሁ» የሚለውን ቃል ለእናታቸው የሚነግሩት እነሱ ይሆናሉ።


የሁለት_ልጆች_እናት (ማክሰኞ፣ እኩለ ሌሊት)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለታችሁንም ደጋግሜ አነበብኩ። የልጄ ነገር ልክ ነው፤ እኔም ውስጤ ተሰምቶኝ ነበር። አንድ ጥያቄ ልጨምር። የባለቤቴ የኢሚግሬሽን ወረቀት ገና አልተስተካከለም። ጠበቃ ጋ መሄዱ አይጎዳውም?


የካምፓስ_ልጅ (ረቡዕ ጠዋት)

እትዬ፣ አይጎዳውም። ጠበቃው የሚያየው ገቢያችሁንና የኪራይ ጉዳዩን ነው። የሲያትል ከተማ ሠራተኞችም ከ2003 ጀምሮ ባለ ሕግ ሰው የኢሚግሬሽን ሁኔታውን እንዲጠይቁ አይፈቀድላቸውም። ስጋት ካለሽ ለጠበቃው ራሱ ንገሪው፤ የነገርሽው ሚስጥር ሆኖ ይቀመጣል።

እኔ የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ባለፈው ዓመት የእሷን የኪራይ ሒሳብ ስመረምር ያገኘሁትን ልንገርሽ። ሲያትል ውስጥ የኪራይ መዘግየት ቅጣት ከ2023 ጀምሮ በወር ከ10 ዶላር ሊበልጥ አይችልም። የኖቲስ ክፍያ የሚባለው ደግሞ ጭራሽ ክልክል ነው። አንቺ ላይ ግን 150 እና 35 ጽፈውብሻል። ለሁለት ወር 20 ዶላር ነው መሆን የነበረበት። እንዲህ ያለ ቅጣት ደግሞ በ14 ቀኑ ወረቀት ላይ ከኪራይ ጋር ተደምሮ መቅረብ የለበትም። ይህን ለጠበቃው በመጀመሪያው ደቂቃ ንገሪው፤ ወረቀቱን ራሱን ሊያበላሸው ይችላል።

ከተማው «ሬንቲንግ ኢን ሲያትል» የሚል አገልግሎት አለው። የሕንፃና የቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ስልኩ 206-684-5700 ነው። ገንዘብ አይሰጡም። ሕጉን ግን ያስረዱሻል፤ አከራዩ የከተማውን ሕግ ከጣሰም አቤቱታ ይቀበላሉ። ድረ ገጻቸው ላይ በአማርኛ የተተረጎመ መረጃም አለ።

ገንዘቡን በተመለከተ 211 ደውዪ። የትኛው ድርጅት አሁን ገንዘብ እንዳለው ይነግሩሻል። ሴንት ቪንሰንት ደ ፖል የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅትም ለኪራይ ይረዳል። አንዱ ጋ አልቋል ቢሉሽ እንዳትተዪው። እኛ ከሁለት ቦታ «የለም» ተብለን ሦስተኛው ጋ ነው የተሳካልን። ድርጅቱ እሺ ካለ ለአከራይሽ የቃል መግቢያ ደብዳቤ ይጽፋል። ሲያትል ውስጥ አከራይ ኖቲሱ ሳያልቅ የመጣለትን እንዲህ ያለ ደብዳቤ፣ ከሌላው ገንዘብ ጋር ተደምሮ ውዝፉን የሚሸፍን ከሆነ፣ አልቀበልም ማለት አይችልም። ፖርታሉ ያለሽን እርሺው።


የቤዝመንት_አከራይ (ረቡዕ ከሰዓት)

ሁላችሁም ከተከራይ ወገን ናችሁ። የሌላውንም ስሙ እንጂ።

እኔ አንድ ቤት ነው ያለኝ። 17 ዓመት ሁለት ሥራ ሠርቼ የገዛሁት ነው። ከላይ እኔና ቤተሰቤ እንኖራለን፣ ቤዝመንቱን ለአገሬ ልጅ አከራይቻለሁ። ሦስት ወር አልከፈለኝም። ባንኩ በየወሩ ከሒሳቤ ይቆርጣል። ክረምት ነው፣ ልጅ ትምህርት ቤት ነው አይለኝም። የሚያንገበግበኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። መኪናዬ ግቢ ስትገባ ድምፅዋን ሰምቶ መብራት ያጠፋል። በመስኮት ብርሃኑ ድርግም ሲል አያለሁ። እዚያው ጨለማ ውስጥ እንደተቀመጠ አውቃለሁ። እኔ ከላይ እራቴን እየበላሁ፣ እሱ ከታች ትንፋሹን ውጦ። ይህ ሰው ልጄ ክርስትና ላይ ጨፍሮ የገባ ሰው ነው።

ቅዳሜ ቁልፉን ልቀይር ወስኜ ነበር። አሁን ሕግ ነው ትሉኛላችሁ። ታዲያ እኔን ማን ይርዳኝ?


አስተርጓሚው (ረቡዕ ማታ)

ወንድሜ፣ የተናገርከው እውነት ነው። እንደ አንተ ያለ አከራይ ከትልቅ ኩባንያ ጋር አንድ አይደለም። የክረምቱ መከላከያም ለዚህ ነው እስከ 4 ቤት ያላቸውን የማይነካው።

ቁልፉን ግን አትቀይር። ቤቱ የአንተ ቢሆንም ያለ ፍርድ ቁልፍ መቀየር ሕገ ወጥ ነው፤ በኋላ አንተ ካሣ ከፋይ ትሆናለህ። የሦስት ወር ኪራይህን ፈልገህ ጠበቃ ለመክፈል ትወጣለህ።

ደግሞ አስበው። 211 የሚገኘው ገንዘብ ተከራዩ እጅ አይገባም። ቼኩ የሚጻፈው በአከራዩ ስም ነው። ያ ልጅ ስልኩን አንስቶ ቢያመለክት የሚከፈለው ለአንተ ነው። የሚያመለክተው ግን እሱ ነው፤ ማመልከቻው ላይ አንተም ዕዳው ስንት እንደሆነ ትፈርማለህ። መብራት አጥፍቶ የተቀመጠ ሰው ደግሞ አያመለክትም። ሂድና በሩን አንኳኳ። ስለ ዕዳው ሳይሆን ስለ ማመልከቻው ለመናገር።


የካምፓስ_ልጅ (ረቡዕ ማታ)

ጋሼ፣ ቤዝመንቱ የራሱ ወጥ ቤት ካለው በከተማው የኪራይ ቤቶች መዝገብ መመዝገቡን አረጋግጡ። ሲያትል ውስጥ የሚከራይ ቤት መመዝገብ አለበት። ሳይመዘገብ ክስ ቢጀምሩ ያ ራሱ ይይዞታል።


ናፍቆት_ሲያትል (ሐሙስ ጠዋት)

የሁለት ልጆች እናት፣ እኔ ስለ ሕግ አላውቅም። ስለ እቁባችሁ ግን አንድ ነገር ልበልሽ።

ለማንም አልተናገርኩም ያልሽው አሳዘነኝ፤ ምክንያቱም እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ስንቱን ቤቱን አስለቀቀው። ሰው ሲሞት እድር አለን። ሠርግ ሲሆን አዋጥተን አዳራሽ እንሞላለን። ኪራይ ሲጎድል ግን ወሬ እንዳይሆን ብለን በራችንን እንዘጋለን።

እቁብ ዕጣ ይለዋወጣል። የኔ እቁብ ውስጥ አንዷ ልጇ ታሞ ስትቸገር ሰብሳቢዋ «የዚህን ወር ዕጣ ለእሷ ብንለቅላትስ?» ስትል አንድም እምቢ ያለ አልነበረም። ሁላችሁ ፊት መናገር ከከበደሽ ለሰብሳቢዋ ብቻ ንገሪያት። ብድር አይደለም፣ ልመናም አይደለም። የራስሽ ገንዘብ ነው፤ ቀኑ ብቻ ነው የሚቀየረው።


ከኬንት (ሐሙስ ማታ)

እኔ የምለው ትንሽ ለየት ይላል። ከቤት የሚያስወጣው ክስ ብቻ አይደለም። እኛን ያስወጣን ጭማሪ ነው።

2023 ላይ ሲያትል ሳለን ኪራያችን ከ1,700 ወደ 1,955 ዶላር እንደሚወጣ የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። 15 በመቶ ነው። ሲያትል ውስጥ አከራይ ከመጨመሩ 180 ቀን በፊት ማሳወቅ ስላለበት ለማሰብ ጊዜ ነበረን። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት የነገረችኝ፦ ጭማሪው 10 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነና ገቢህ ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 80 በመቶ ካልበለጠ፣ ለመውጣት ከወሰንክ ከተማው የ3 ወር ኪራይ ያህል ያስከፍልልሃል። ከ2022 ጀምሮ ያለ ሕግ ነው። ከፋዩ አከራዩ ነው፣ የሚያስፈጽመው ከተማው። ደብዳቤው በደረሰህ በ180 ቀን ውስጥ ማመልከት አለብህ። ቀድመህ ከወጣህና ኋላ ካመለከትክ ላታገኝ ትችላለህ። እኛ በቅደም ተከተሉ ሄድን፤ ወደ 5,100 ዶላር አገኘን። ኬንት ዲፖዚት የከፈልነው በእሱ ነው።

ስለ ገንዘቡ አመስግኛለሁ። ግን እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ሲያትል እያለን ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ነበር የምትሄደው። ነጠላዋን ለብሳ፣ መንገድ ላይ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር እየተጠራሩ። አሁን ቅዳሴ ለመድረስ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ 150 ቁጥር አውቶቡስ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ክረምት ሲገባ ተወችው። እሑድ እሑድ በስልክ ቅዳሴ ታዳምጣለች። ይህን የሚመልስ ቢሮ አላገኘሁም።

አሁን ቢሆን ያ ጭማሪ አይፈቀድም ነበር። በ2025 ሜይ ላይ ስቴቱ ጣሪያ አውጥቷል። በዓመት 7 በመቶ ሲደመር የዋጋ ንረት፣ ወይም 10 በመቶ፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። አዳዲስ ሕንፃዎች ለመጀመሪያዎቹ 12 ዓመታት አይመለከታቸውም። ለእኛ ዘገየ።

እና ከሲያትል ውጭ ያላችሁ ልብ በሉ። 10 ዶላር፣ 180 ቀን፣ የክረምቱ መከላከያ የሚባሉት የሲያትል ከተማ ሕጎች ናቸው። ኬንት፣ ሬንተን፣ ታክዊላ፣ ሲታክ የየራሳቸው ደንብ ነው ያላቸው። ነፃ ጠበቃው፣ 14 ቀኑና የጭማሪ ጣሪያው ግን የስቴት ስለሆኑ የትም ይሠራሉ።


ናፍቆት_ሲያትል (ሐሙስ ማታ)

ከኬንት፣ ለእናትህ ሬይነር አቬኑ ላይ የኢትዮጵያ ማኅበረሰባችን ያስገነባውን «ኢትዮጵያን ቪሌጅ» ጠይቅላቸው። ለአረጋውያን የተሠራ ነው፣ 90 አፓርትመንት አለው። ወረፋ ሊኖር ይችላል። ቢሆንም ስማቸውን አስመዝግብ።


ጋሽ_ሾፌር (ዓርብ ጠዋት)

የኬንቱ ወንድም ስላነሳው ልጨምር። ሕንፃው ሊፈርስ ወይም በደንብ ሊታደስ ነው ተብሎ የሚያስወጧችሁ ከሆነ ሌላ ሕግ አለ፤ ከ1990 ጀምሮ ያለ ነው። ገቢው ከመካከለኛው 50 በመቶ ለማይበልጥ ተከራይ የመዛወሪያ ገንዘብ ይሰጣል። ግማሹን አከራዩ፣ ግማሹን ከተማው ይከፍላል። ጎረቤቴ ይህን ሳታውቅ ማኔጅመንቱ ያቀረበላትን 500 ዶላር ተቀብላ «በራሴ ፈቃድ ወጣሁ» የሚል ወረቀት ፈርማ ወጣች። የተባላችሁትን ወረቀት ሁሉ ወዲያው አትፈርሙ። «ለጠበቃ ላሳየው» በሉ። ሲያትል ውስጥ ከ1980 ጀምሮ አከራይ በሕግ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች አንዱን ሳይዝ ውጡ ማለት አይችልም።


የሁለት_ልጆች_እናት (ከ11 ቀን በኋላ)

ይቅርታ፣ ጠፋሁ። ዛሬ 15ኛው ቀን ነው። አንድ ሰው መጥሪያ ሰጠኝ። ጋሽ ሾፌር እንዳሉት የመዝገብ ቁጥሩ ቦታ ባዶ ነው። እጄ ተንቀጠቀጠ። ግን ፎቶ አንስቼ እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ለጠበቃዋ ላክሁ። የመልሱን ቀን በትልቁ ጽፌ ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩት።


ጋሽ_ሾፌር (በዚያው ቀን)

ጎበዝ! መሳቢያ ውስጥ አይደለም፣ ፍሪጅ ላይ። መልሱን ስትልኩ የላካችሁበትን ማስረጃ ያዙ።


የሁለት_ልጆች_እናት (ከ9 ቀን በኋላ)

አለቀ። የሆነውን በሙሉ ልጻፍላችሁ፤ ሌላ ሰው ሊጠቅመው ይችላል።

ያን ረቡዕ ጠዋት ለጠበቆቹ ደወልኩ። አማርኛ ብዬ ጥቂት ጠበቅሁ፣ አስተርጓሚ መስመሩ ላይ ገባች። ጠበቃዋ ወረቀቱን አይታ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ 150 እና 35ቱ ነው። የካምፓስ ልጅ፣ ተባረክ። ከዚያ 211 ደወልኩ። የመጀመሪያው ድርጅት ገንዘብ ጨርሷል። ሁለተኛው የባለቤቴን የጋራዥ ወረቀትና የሁለታችንን ቼክ ጠየቀ። 1,200 ዶላር ለመስጠት ተስማሙ። ደብዳቤው ግን የወጣው 14ቱ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። መጥሪያው የቀደመን ለዚህ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ እቁቡ ነበር። ለሰብሳቢያችን ለመናገር ሁለት ቀን ስልኩን እያነሳሁ መለስኩት። በመጨረሻ ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ «እኔም አምና እንደዚህ ሆኜ ነበር» አለችኝ። በየወሩ አጠገቧ እየተቀመጥኩ አላውቅም ነበር። ዕጣውን ለቀቁልኝ፤ 1,500 ዶላር።

ያለን 1,400፣ የድርጅቱ 1,200፣ እቁቡ 1,500። ከውዝፉ በላይ ሆነ። ጠበቃዋ መልሳችንን ለአከራዩ ጠበቃ ላከች፤ ከእሱ ጋር የተከራከረችው እሷ ናት። ኖቲሱ ላይ የተጻፈው ቅጣት ሕጋዊ አለመሆኑን፣ ተማሪ ልጆች እንዳሉን፣ ዲሴምበር መድረሱን ነገረችው። 3,900ውንና 20 ዶላር ቅጣት ተቀበሉ። ክሱን እንደማይገፉበት በጽሑፍ ሰጡን።

እና አንድ ያልጠበቅሁት ነገር። ጠበቃዋ እንዳለችኝ ያ ወረቀት ፍርድ ቤት ሳይገባ ነው ያለቀው። መዝገብ ቁጥር የለውም ማለት በስማችን የተከፈተ መዝገብ የለም ማለት ነው። ነገ ሌላ ቤት ብናመለክት የሚያገኙት ነገር የለም። ጋሽ ሾፌር፣ ይህን ስሰማ እርስዎን አሰብኩ። ጠበቃዋን ስለ እርስዎ ጉዳይ ጠየቅኋት። የቤት አመልካቾችን ታሪክ የሚያጣሩ ድርጅቶች የድሮ ክስን እንዳያወጡ ፍርድ ቤት በትእዛዝ ሊገድባቸው ይችላል አለችኝ። ለሁሉም አይሰጥም። ግን ይጠይቁ፤ ደውለው ይሞክሩ።

ለልጄ ነግሬያታለሁ። «ስለዚህ አንሄድም?» አለች። አንሄድም አልኳት። ሰማያዊው ፕላስተር በሩ ላይ የተወውን ምልክት እሷና ታናሿ በሳሙና ሲፈትጉ ዋሉ።


የቤዝመንት_አከራይ (በማግስቱ)

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ።

እኔም ልናገር። ቁልፉን አልቀየርኩም። እሑድ ወርጄ አንኳኳሁ። መብራቱ ጠፍቶ ነበር። «ስለ ገንዘቡ አይደለም፣ የምትሞላው ፎርም አለ» አልኩት በበሩ። ቆይቶ ከፈተ። ሥራ ካጣ 4 ወር ሆኖታል። ለአገር ቤት ቤተሰቦቹም አልነገረም።

አብረን ደወልን። ካመለከትንበት ቦታ የአንድ ወር ኪራይ እንደሚከፍሉ ነግረውናል፤ ቼኩ ገና አልመጣም። የሁለቱን ወር በየ15 ቀኑ 200 ዶላር ሊከፍለኝ ተስማማን። በአማርኛ ጻፍነውና ሁለታችንም ፈረምን። የመጀመሪያው ክፍያ ዓርብ ነው። ቤዝመንቱንም ላስመዘግብ ነው። ይህ በአማርኛ የተጻፈው ወረቀት ችግር ይኖረዋል?


አስተርጓሚው (በማግስቱ)

በእንግሊዝኛም አንድ ቅጂ ያዙ። ቀኑንና ድምሩን በአኃዝ ጻፉት። በየክፍያው ደረሰኝ ስጠው፤ 200 ዶላርም ብትሆን።